አምባ ያልኩት ናምበር ፎር

አባቴ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ቴምቢሳ ውስጥ ስም የለውም። እንደ ሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ እሱም «ማይፍሬንድ» ነው። ሕፃኑም አሮጊቷም በሱቁ የብረት ፍርግርግ እጃቸውን እያሾለኩ «ማይፍሬንድ፣ ዳቦ!» ይሉታል፤ እሱም «ሳውቦና ማይፍሬንድ» እያለ በዚያችው ቀዳዳ ያቀብላቸዋል። እኔ ያደግኩት ከፍርግርጉ ወዲህ ነው። ከሆሳዕና ስመጣ አራት ዓመቴ ነበር። የቤት ሥራዬን የምሠራው የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዙሉን ከደንበኛ፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት፣ አማርኛን ደግሞ ከቸርች ተማርኩ። አባቴና ወደ ጌታ የሄደችው እናቴ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ሀድይኛ ነበር። ስለዚህ የኔ አማርኛ የጸሎት አማርኛ ነው። ስለ ጸጋና ስለ ምሕረት ሳልደናቀፍ እናገራለሁ፤ የተበላሸ ቧንቧ ለማሠራት ግን ቃል ይጠፋብኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ መነሻው ይኸው ስለሆነ ነው።

ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ጆሃንስበርግ መሀል፣ ከሂልብሮው ሰፈር ጎን ባለው ኮረብታ ላይ አሮጌ ምሽግ አለ። ከመንገድ ሲያዩት ምሽግ አይመስልም፤ ሣር የበቀለበት ጉብታ ነው። የሠሩት ቦሮች የሚባሉት የደች ዘር ነጮች ናቸው። በአካባቢው ወርቅ ተገኝቶ ከየአገሩ ሰው ሲጎርፍ፣ ይህ መጤ አንድ ቀን ይነሣብናል ብለው ፈሩ። ኮረብታው ላይ ቀድሞም እስር ቤት ነበራቸው። የእስር ቤቱን ዙሪያ አፈር ቆለሉበት፣ በግንብ አጠነከሩት፣ ከላይ መድፍ ጠመዱበት። የመድፉ አፍ ታዲያ ወደ ከተማዋ ነበር። ድንበር ማለት እኔ እስከማውቀው በአገር ዳርቻ ያለ ነገር ነው፤ እነሱ ግን በከተማቸው መሀል፣ በራሳቸውና በመጤው መካከል አሰመሩት። ሁልጊዜ የሚያስቀኝ፣ እንግሊዞች በመጡ ጊዜ ከተማዋ ያለ ውጊያ እጇን መስጠቷ ነው። ያ ሁሉ አፈር የተቆለለው በከንቱ ነበር።

እንግሊዞቹም ምሽጉን ሲረከቡ የሚያደርጉበት ቢያጡ መልሰው እስር ቤት አደረጉት። ነጮቹ እስረኞች በጉብታው ውስጥ፣ ጥቁሮቹ ከጉብታው ውጪ በተሠራው ክፍል ታሰሩ። ይህ የጥቁሮች ክፍል ነው «ናምበር ፎር» የሚባለው። ሰፈር የሚያውቀው ምሽጉን አይደለም፤ ናምበር ፎርን ነው። እስር ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ቴምቢሳ ውስጥ ያስቸገረ ልጅ ዛሬም «ናምበር ፎር ትገባታለህ!» ተብሎ ይስፈራራል።

እኔ ግን ያንን ቦታ እወደዋለሁ። እስር ቤት ይወደዳል ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ መጥቶ ይየው። የአገሪቱ ትልቁ ፍርድ ቤት ዛሬ የተቀመጠው በዚያው ግቢ ነው። ከእስር ቤቱ አንዱን ሕንጻ አፍርሰው፣ ጡቡን አንድ በአንድ ለቅመው ከፍርድ ቤቱ ጋር አያያዙት። ሕንጻው ሲፈርስ ደረጃዎቹን አልነኳቸውም፤ ወደ የትም የማይወስዱ ደረጃዎች ግቢው ውስጥ ቆመው ቀርተዋል። ይህን ያሰበውን ሰው አግኝቼ እጁን ብስመው ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ጠዋት የናምበር ፎርን በር የምከፍተው እኔ ነኝ። በሩ ከባድ ነው፤ በትከሻ ካልተገፋ አይንቀሳቀስም። ይህን ሥራ ለማንም አሳልፌ አልሰጥም።

አባቴ ስለዚህ በር መስማት አይወድም ነበር። ሥራውን ያገኘሁ ዕለት በደስታ እየጮኽኩ ሱቅ ስገባ፣ ከፍርግርጉ ውጪ አንዲት ዳቦ የምትገዛ አሮጊት ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ የሚላት የድሮ ደንበኛችን ናት። «ናምበር ፎር ገባሁ!» አልኩ በዙሉ። ጎጎ ዳቦዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ «ዮ! ምን አድርጋ?» አለች። አባቴ እንደ ቲማቲም ቀላ። ከዚያን ቀን ወዲህ «በዚህም በቸርችም ሥራሽን እንዳታወሪ» ተባልኩ። ሰው ሲጠይቀው «ከተማ ትሠራለች» ይላል፤ የት ብለው ሲያጠብቁበት «ከተማ ነዋ!» ይላል።

ለአባቴ እስር ቤት ተረት አይደለም። እኔ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ወረቀቱን ሊያሳድስ ከተማ እንደሄደ ሳይመለስ ቀረ። ሌሊቶች አለፉ። እናቴ ሱቁን ዘግታ መደርደሪያው ሥር ተንበርክካ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። ከዚያ አንድ ቀን ቀበቶውን በእጁ ይዞ፣ ከስቶ መጣ። የት እንደነበር አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ በኋላ ግን የተዘጋ ቤት አይወድም። በር ባላየበት ክፍል አይቀመጥም። ቸርች የሚቀመጠው መጨረሻው ረድፍ፣ በሩ ሥር ነው፤ ምዕመኑ ለእንግዳ ቦታ የሚለቅ ትሑት ሰው ይመስላቸዋል። የራሱ ሱቅ በአራት ማዕዘን ብረት የታጠረ መሆኑን ብነግረው ይቆጣል። «የዚህ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው» ይለኛል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ያውም የጆሃንስበርግ ሐምሌ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ነገሩ ጠና። ጻካኔ በሚባል ሌላ ሰፈር ሱቅ ያለው አጎቴ ወደ ኬፕ ጠቅልሎ ሊሄድ ነበረና አባቴ ሱቁን ለኔ ጨረሰልኝ። ሳይጠይቀኝ። ለጎጎ ሳይቀር «ልጄ ጻካኔ ባለሱቅ ልትሆን ነው» ብሎ አወራ። እኔ እምቢ አልኩ። እሱ «የድንጋይ ክምር እያሳዩ ኑሮ አለ?» አለኝ። እኔ «መጥተህ ሳታይ አትፍረድ» አልኩት። ሁለታችንም ኩርፊያ የምንችል ሰዎች ነን፤ በአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ በትከሻ እየተጋፋን ሳንነጋገር ሰነበትን። አጎቴ በወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። አባቴ እዚያ ካልመጣ፣ ያን በር በትከሻዬ ስገፋ ካላየኝ፣ ሐሳቡን እንደማይቀይር አውቅ ነበር። አባቴን እምቢ ብዬ መሄድ ደግሞ አልችልም። በዓለም ላይ ያለኝ እሱ ነው።

ዘዴ አሰብኩ። አባቴ የቸርች ጉዞ ቀርቶበት አያውቅም። ቸርቹን በሙሉ ብጋብዝ አብሮ ይመጣል። ችግሩ «ናምበር ፎር» እንዳልል ተከልክያለሁ። ታዲያ ለምሽግ የሚሆን የከበረ የአማርኛ ቃል ፈለግኩና አገኘሁ፤ «አምባ»። ይህን ቃል ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁ። አባቴ በየማለዳው ሲጸልይ መጀመሪያ የሚለው «አምባዬ» ነው። ትርጉሙን ሕፃን ሆኜ ስጠይቀው «ጠላት የማይደፍረው ምሽግ» ብሎኝ ነበር። በኔ ቤት ነገሩ አበቃ። አባቴ ወዲያው ይገባዋል፣ ምዕመኑም ያከብረዋል አልኩ።

እሑድ ከስብከቱ በኋላ ማይክ ጨበጥኩና እንዲህ አልኩ፦ «ቅዳሜ ጠዋት ወደ አምባው እንወጣለን። ብዙ ሰው ያለቀሰበት፣ ብዙ ሰው የጮኸበት ቦታ ነው። ብርድ ስላለ የሚደረብ ነገር ያዙ። አንዴ ከገባን እስክንጨርስ መውጣት የለም፣ ስልካችሁንም ታጠፋላችሁ።» ምዕመኑ «አሜን!» አለ። ለጉብኝት አሜን መባሉ ትንሽ ገረመኝ፤ የኛ ቸርች ግን መኪናችሁን በሥርዓት አቁሙ ሲባልም አሜን ስለሚል አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል አባቴ፤ አልሰማሁትም።

ሳምንቱን አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ኩርፊያው ጠፋ። ቅዳሜን ሱቅ እንዲጠብቅለት ለአጎቴ ደወለለት፤ አባቴ ቅዳሜ ሱቁን ለሰው ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ወደ ልቧ ተመለሰች» እያለ ስኳር ሲመዝን ያዜማል። ሊታረቀኝ ነው አልኩ። ዐርብ ማታ እራት አልበላም ሲለኝም ሆዱን ነክቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት የሥራ ልብሴን ለብሼ፣ ደረቴ ላይ ባጄን ለጥፌ፣ እንግዶቼን ስጠብቅ ሁለት ኳንተም የሚባሉ ሚኒባስ ታክሲዎች መጡ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወረደው ብርድ ልብስ ነው። ከዚያ ሌላ ብርድ ልብስ። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ብብቱ ብርድ ልብስ፣ በሌላው መጽሐፍ ቅዱስ ይዟል። የጸሎት ኅብረቱ መሪ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ሆሳዕና የታሪክ መምህርት የነበሩ እናት ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ ጨርቅ ጠቅልለው ነበር የመጡት።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ብርድ ልብስ ለምንድን ነው?»

«መሬቱ ይበርዳል አላልሽም ልጄ? ተንበርክከን አይደል የምንውለው።»

«ለምሳ ማግዊንያ አዝዣለሁ» አልኩ ግራ ቢገባኝ፤ ማግዊንያ የኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል የዚህ አገር ምግብ ነው።

«ጾም አይደለን እንዴ! ከትናንት ጀምሮ ውኃ የቀመሰ የለም። ተባረኪ ብቻ፤ በዚህ ከተማ የጸሎት ተራራ ያጣን መስሎን ነበር።»

ክው አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚለውን አባቴ መላጣውን እየዳሰሰ በየጊዜው ይተርተዋል፤ ያን ጠዋት ነው የገባኝ። አምባ ማለት ለነሱ ተራራ ነበር። ያለቀሱበት፣ የጮኹበት፣ ስልክ የሚጠፋበት፣ ገብቶ የማይወጣበት፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፣ ያልኩት ሁሉ ደግሞ የጸሎት ተራራ ነበር። አገር ቤት ያደገ ሰው አይሳሳተውም። በፍርግርግ ውስጥ ያደገ ብቻ ነው ይህን የሚሳሳት።

በዚህ መሀል የግቢው ጥበቃ የሆነች እናት ከበሩ ሥር ብቅ አለች። እንግዳ ትወዳለች፤ እጇን ዘርግታ «ሳንቦናኒ! ዌልካም ቱ ናምበር ፎር!» አለች።

አባቴ መጨረሻ ላይ ነበር የወረደው። ብርድ ልብሱ በልኩ ታጥፎ ብብቱ ሥር ነው። የሱን አስተጣጠፍ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ሌሊት ከባንኮኒው ጀርባ ነው የሚተኛው፤ ጠዋት ብርድ ልብሱን ጠርዙ ከጠርዝ እስኪገጥም አጥፎ፣ አራት ማዕዘን አስመስሎ፣ በእጁ ዳብሶ ያስቀምጠዋል። የበሩን ጽሑፍ አየ። እኔን አየ። ፊቱ ላይ የሳምንቱ ደስታ ሁሉ እንዴት እንደጠፋ ብናገረው ያመኛል።

«እዚህ ነው ያመጣሽኝ?»

«አባባ፣ አምባ ያልኩት ምሽግ ማለቴ ነበር። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«አምባ!» አለ። በየማለዳው አምላኩን የሚጠራበትን ቃል ለእስር ቤት ሰጥቼበታለሁ። «እናንተ ግቡ። እኔ መኪናውን እጠብቃለሁ።» መኪናው ሾፌር ነበረው፤ ወንበሩን አጋድሞ ያንኮራፋል። አባቴ ጉብታው ሣር ላይ ሄዶ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀመጠ። የግቢው መውጫ በሙሉ የሚታየው ከዚያ ነው።

በሩን ገፋሁት። እሱ ሳያየኝ ገፋሁት። ልቤ ውጪ ቀርቶ እግሬ ገባ፤ ሰዎቹ ደግሞ ብርድ ልብሳቸውን እንደያዙ ተከተሉኝ። ምን ላድርግ፣ ጉብኝቱን ጀመርኩ። በእንግሊዝኛ ሳልተነፍስ የምለውን በአማርኛ እያነከስኩ ነገርኳቸው። ምሽጉን፣ መድፉን፣ ወርቁን። እዚያ የሚመጣ ቱሪስት የሚጠይቀኝ በዓለም ስለታወቁት እስረኞች ነው፤ የኛ ሰዎች ስማቸውን እንኳ አልጠየቁኝም። ረጅሙ የጋራ ክፍል ስንገባ፣ ሰው እንደ ሳጥን ተደርድሮ የሚተኛበትን ወለል ሳሳያቸው፣ እትዬ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳብሰው «እነዚህ ሁሉ ጥፋታቸው ምን ነበር?» አሉኝ።

«የገደለም የሰረቀም ነበር፣ እትዬ። አብዛኞቹ ግን ወረቀት አልያዙም።»

«ምን አልያዙም?»

«ወረቀት። በከተማ መኖር የሚያስችል ወረቀት ነበር፤ ጥቁር ሰው በኪሱ ካልያዘ ይታሰራል። ቤቱ ረስቶት ቢወጣም ይታሰራል።»

ይህን ለፈረንጅ ስንት ጊዜ ብያለሁ፤ ፈረንጅ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ፎቶ ያነሳል። ያን ቀን ግን የሁሉም እጅ ሳይታወቀው ወደ ኪሱ፣ ወደ ቦርሳው፣ ወደ ደረቱ ሄደ። የዛንድስፕሩት ሰፈር ባለሱቅም፣ የቴምቢሳዋም፣ እትዬም። እኔም ኪሴን ነካሁ። ከዚያ እትዬ ብርድ ልብሳቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉና «እንግዲህ የመጣነው ልንጸልይ አይደል» አሉ።

እዚያ መጸለይ ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም። ጥበቃዋን አየኋት፤ ትከሻዋን ነቅንቃ «እዚህ ያልጸለየ ማን አለ?» አለችኝ በዙሉ።

የኛ ሰው ሲጸልይ በሹክሹክታ አይደለም። ሁሉም በየአፉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ግማሹ በሀድይኛ፣ ግማሹ በከምባትኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ይጮኻል። ያ ክፍል ለጩኸት የተሠራ ይመስል ድምፁን ተቀብሎ አበዛው። ስለ ወረቀቱ ነው የሚጸልዩት፤ ስለ ሞቱትም ነው፤ ስለ ሱቃቸውም ነው። እኔ ዓይኔን መጨፈን አቃተኝ። በጉብኝት መሀል አልቅሼ አላውቅም፣ ደንቡም አይፈቅድም፤ አለቀስኩ።

በዚያ ጩኸት መሀል «አምባዬ» የሚል ሰማሁ። ድምፁን በጨለማ እለየዋለሁ። ዘወር ስል አባቴ ከክፍሉ ውስጥ ነው። በሩ ሥር አይደለም፤ መሀል ነው። ጩኸቱ በጉብታው ላይ አልፎ ደርሶታል፤ አባቴ ደግሞ ሰው ሲጸልይ ተነጥሎ መቀመጥ አያውቅበትም። ጥበቃዋ ናት ያስገባችው። «ሽማግሌው በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ገባ» አለችኝ በኋላ።

አሜን ሲባል ዓይኑን ገለጠ። ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ ከፍ ብላ ያለችውን ትንሽ መስኮት አየ። ሊወጣ ነው ስል ወደ ጥጉ ሄደ። እዚያ ለጎብኚ የሚታዩ ብርድ ልብሶች አሉ፤ እስረኞች እሑድ እሑድ ብርድ ልብስ እያጠፉና እየጠቀለሉ ቅርጽ በመሥራት ይወዳደሩ ነበር። አንዱ ታንክ፣ ሌላው ሌላ ነገር ያስመስላል፤ ያሸነፈ ትንሽ ምሕረት ያገኛል። በቦታው ካለው ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ጨርቅና እጅ ብቻ ሲቀርለት ሰው ምን እንደሚሠራ ያሳያል።

«ይህን ማን አጠፈው?» አለ አባቴ።

«እስረኞቹ እንዲህ ነበር የሚያጥፉት። የሚያስታውስ ሰው መልሶ ሠራው።»

ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በዓይኑ ተከተለ። አንድ እጥፋት ላይ ጣቱን ሊያሳርፍ ቃጣውና አይነካም የሚለውን ጽሑፍ አይቶ መለሰው። «እኛንም አንድ አንድ ብርድ ልብስ ሰጥተውን ነበር» አለኝ፤ በአሥራ ምናምን ዓመት ስለዚያ ጊዜ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ሌላው እንደተኛበት ይተወዋል። እኔ በየጠዋቱ አጥፈው ነበር። ይህ ሰውዬ ቤት አለው ይበሉ ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት ለሱቁ ጥበት የሚያጥፍ ይመስለኝ ነበር። እጁን ያዝኩት። ብርድ ልብሱን ከብብቱ ላወጣለት ብሞክር አለቀቀውም፤ እስከ ፍርድ ቤቱ ድረስ እንደያዘው ሄደ።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ፣ ከዳኞቹ ወንበር ጀርባ፣ ከላይ አንድ ረጅም ጠባብ መስኮት አለ። በዚያ የሚታየው ውጪ የሚሄደው ሰው እግር ነው። ዳኞቹ ከመንገደኛው እግር በታች ይቀመጣሉ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው የኛ ሰዎች «ኧረ!» አሉ፤ እንደ እውነቱ እኔም በየቀኑ «ኧረ!» እላለሁ። አባቴ ከእስር ቤቱ የመጣውን ጡብ ሲያይ ጠጋ ብሎ መዳፉን አሳረፈበት። እዚህ መንካት አይከለከልም።

«ያፈረሱትን አልጣሉትም» አለኝ።

«አልጣሉትም።»

«ጎበዞች ናቸው። ሌላ ቢሆን አዲስ ጡብ ይገዛ ነበር።»

ጾሙ ሲፈታ ማግዊንያው ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን አንድም አልተረፈም። እትዬ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን እየላሱ ወደኔ ዞሩ። «ቃሉን አልሳትሽውም፣ ልጄ» አሉ። «በአገራችንም ነገሥታቱ ዘመዶቻቸውን የሚያስሩት አምባ ላይ ነበር። ሰውም ሲሸሽ የሚወጣው አምባ ላይ ነበር። አምባ ሁለቱንም ነው። እኔ ነኝ አንዱን ብቻ ሰምቼ ጉልበቴን ጠቅልዬ የመጣሁት።» ሁሉም ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ግን አልተቆጣም።

ወደ ቴምቢሳ ስንመለስ በታክሲው ውስጥ ስለ ጻካኔ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበትም። እሑድም ቸርች ሄድን፤ በሩ ሥር ተቀመጠ፤ አመል ከአንድ ቀን ጸሎት በኋላ አይለቅም። አጎቴ ሁለቴ ደወለ፤ አባቴ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፣ የሚሉትን አልሰማሁም። ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ተስፋ ቆርጬ ጻካኔ ስለሚወስደው ታክሲ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የለስላሳ ሳጥን ከፍሪጁ ጀርባ ስደረድር ጎጎ መጣች። እጇ በፍርግርጉ ቀዳዳ ገባ።

«ማይፍሬንድ፣ ዳቦ። ልጅህ ታዲያ ጻካኔ ሄደች?»

«አልሄደችም፣ ጎጎ» አለ አባቴ በዙሉ። ከፍርግርጉ ውጪ ዳቦ የሚጠብቁ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ናምበር ፎር ናት።»

«ዮ! ምን አድርጋ?»

ሳጥኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። አባቴ ዳቦውን በሁለት እጁ በቀዳዳው አቀበላት።

«በሩን የምትከፍተው እሷ ናት» አላት።